ካልጠየቁ የማይሰጥ አልጀብራ

እዚህ አሜሪካ ፌብሩዋሪ አካባቢ ከትምህርት ቤት የምትመጣ አንድ ፎርም አለች፣ የሚቀጥለው አመት የኮርስ ምርጫ ናት። ወይ ልጁ ራሱ ሞልቶ "ማሚ እዚጋ ፈርሚልኝ" ይላል፣ እኛም ከስራ ገብተን ጫማ ሳናወልቅ እንፈርማለን፣ ወይ ደሞ አሁን አሁን ሁሉም ነገር ኦንላይን ስለሆነ ልጁ በራሱ አካውንት ጨርሶት እኛ መኖሯንም ሳናውቅ ታልፋለች። እና እነዚህ የትምህርት ዲስትሪክቶች (የየአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት ማለቴ ነው) ኮሌጅ ሬዲነስ ኮሌጅ ሬዲነስ፣ ልጁ ለኮሌጅ ዝግጁ ይሁን እያሉ ስብሰባ የሚቀመጡበት፣ አማካሪ የሚቀጥሩበት፣ ስትራቴጂክ ፕላን ምናምን ብለው ባለቀለም ፒዲኤፍ የሚያወጡበት ጉዳይ እኔ እንዳየሁት ከሆነ ከግማሽ በላይ የሚወሰነው እዚች ፎርም ላይ ነው። ያውም 12ኛ ክፍል ላይ ሳይሆን 6ኛና 7ኛ ክፍል ላይ፣ ልጁ ገና ድምፁ እንኳ ሳይጎረንን።

ለኛ ለሀበሻ ወላጆች ይሄ ቶሎ አይገባንም፣ ደሞም አይፈረድብንም። እኛ ያደግነው በማትሪክ ነው። አመቱን ሙሉ ስትንቀዋለል ከርመህ መጨረሻ ላይ በሻማም ሆነ በኩራዝ ሸምድደህ ውጤት ካመጣህ ገባህ፣ ካላመጣህ ቀረህ፣ ዘጠነኛ ክፍል ምን ምን ወሰድክ ብሎ የሚጠይቅህ ማንም የለም። አገር ቤት ዛሬም እንደዛው ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ምድሩ የተንጫጫው ሁሉም ነገር አንድ ፈተና ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። እዚህ ግን ፈተናው ትንሹ ነገር ነው። ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ2020 በኋላ (ከዚህ በኋላ ያሉት አመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በፍላጎት አድርገውታል፣ እነ ኤምአይቲ በ2022 እነ ዳርትመዝና ሃርቫርድ በ2024 ግዴታ አድርገው ቢመልሱትም ማለት ነው። ዋናው ትራንስክሪፕቱ፣ ማለትም ሃይስኩል የወሰዳቸው ኮርሶችና ውጤታቸው ነው፣ እሱ ደሞ የአራት አመት ነገር ስለሆነ በአንድ ክረምት አይሸመደድም።

በዛ ላይ ሁሉም ዲስትሪክት የየራሱ አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ 13 ሺህ ገደማ የትምህርት ዲስትሪክት አለ፣ ፌደራል መንግስቱ ካሪኩለም አያወጣም፣ ስቴቱ ጠቅለል ያለውን መስፈርት ያወጣና ቀሪውን ለዲስትሪክቱ ይተወዋል። ሜሪላንድ 24 አላት፣ ቨርጂኒያ ወደ 130። ገንዘቡ ደሞ ግማሽ የሚጠጋው የሚመጣው ከአካባቢው ነው፣ በብዛት ከፕሮፐርቲ ታክስ፣ ስለዚህ ቤት ውድ የሆነበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም የተሟላ ነው። ሀበሻ ይሄንን በደንብ አውቆታል፣ ቤት ሊገዛ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስኩሉ ስንት ነው?" ብሎ ነው፣ ለትምህርት ቤቶች ከአስር በሚሰጠው ደረጃ ዘጠኝ ወይ አስር ካልሆነ አይኑን አያሳርፍበትም፣ ሁለት ስራ እየሰራ ለሞርጌጁ ይከፍላል። ጥሩ። ግን ዘጠኝ የተባለው ትምህርት ቤት ውስጥ ገብቶ ልጁ ዝቅተኛው የሂሳብ ክፍል ላይ ሲቀመጥ ያን ሁሉ ዶላር የከፈለው ለሌላ ሰው ልጅ ነው ማለት ነው። ይሄንን ስናገር ሰው ይከፋዋል፣ ቢሆንም እውነት ነው።

አንድ ጓደኛዬ አለች፣ እዚሁ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ) ነው የምትኖረው፣ የትኛው ካውንቲ እንደሆነ ይቅር። ልጇ 6ኛ ክፍል እያለ በስቴቱ የሂሳብ ፈተና ከፍተኛውን ደረጃ አመጣ፣ ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ለ7ኛ ክፍል የተመደበው ግን ተራው ሂሳብ ላይ። "ጠይቂያቸው እንጂ" አልኳት። "ኧረ እባክሽ፣ እነሱ አስተማሪ አይደሉ እንዴ፣ እኔ ምኔ ሞልቶ ነው የማርማቸው" አለችኝ። እኔ ደሞ አላርፍ ብዬ አንድ ቡና ሳንጨርስ ሶስት መስመር ኢሜይል አብረን ጻፍን፣ ውጤቱ ይሄ ነው፣ ለምን ከፍ ያለው ሂሳብ ላይ እንዳልተመደበ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ በቃ። በማግስቱ ካውንስለሩ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ መለሰላት፣ ቀይረነዋል፣ ወላጅ ሲጠይቅ እንፈቅዳለን አላት።

ወላጅ ሲጠይቅ! እሷ በጣም ደስ ብሏት ነበር፣ ስልኳን እያሳየችኝ ትስቃለች፣ እኔን ግን ደሜ ነው የፈላው። ልጁ ይችላል ማለት ነው ከመጀመሪያውኑ። ወረቀቱ እጃቸው ላይ አለ። ያቺን ሶስት መስመር ያልጻፈችው፣ ማታ ናይት ሺፍት የምትሰራው፣ እንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብዳት እናትስ ልጇ? እኛ ያደግንበት ባህል ደሞ አስተማሪን መጠየቅ እንደ ድፍረት ነው የሚያየው፣ ዝም አይነቅዝም ብለው ነው ያሳደጉን። ያው አበው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብለውም ነበር፣ እሱን ግን ማን ልብ ብሎ ሰማው።

አሁን ሂሳቡ ላይ ለምን እንዲህ እንደምጮህ ላስረዳ። የአሜሪካ ሂሳብ መሰላል ነው፣ አንዱን ሳትረግጥ ሌላው ላይ አትወጣም። አልጀብራ 1፣ ከዛ ጂኦሜትሪ፣ ከዛ አልጀብራ 2፣ ከዛ ፕሪካልኩለስ፣ ከዛ ካልኩለስ። አምስት አመት ነው። ሃይስኩል ደሞ አራት አመት ነው። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ሊወስድ የሚፈልግ ልጅ አልጀብራ 1ን 8ኛ ክፍል መጨረስ አለበት፣ 8ኛ ክፍል አልጀብራ ሊወስድ ደሞ 6ኛና 7ኛ ላይ ጠንከር ያለው ሂሳብ ውስጥ መሆን አለበት። ያመለጠው ልጅ በክረምት ኮርስ ወይም በአንድ አመት ሁለት ሂሳብ እየወሰደ ሊደርስ ይችላል፣ የሚያደርጉ አሉ፣ ግን ስንቱ? እና ልጃችሁ "ኢንጂነር እሆናለሁ" "ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ" ሲላችሁ፣ የሀበሻ ልጅ ሌላ ምን ይላል እንግዲህ፣ ዶክተር ነው ወይ ኢንጂነር፣ ጠንከር ያሉት የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቶች ካልኩለስ ይፈልጋሉ፣ በሩ መጥበብ የሚጀምረው 11 አመቱ ላይ ነው።

ይሄንን የገባቸው ዲስትሪክቶች ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ጥያቄውን ገለበጡት። ዳላስ የሚገርም ነው። የዳላስ ዲስትሪክት ከ2019 ጀምሮ በፈተና ጥሩ ያመጣን ልጅ ሁሉ ማንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ከፍ ያለው ሂሳብ ላይ ይመድበዋል፣ ወላጅ አልፈልግም ካለ ነው ፈርሞ የሚያስወጣው። ድሮ ወላጅ ነበር መጠየቅ ያለበት፣ አሁን የሚጠየቀው እምቢ ለማለት ነው። ወረቀቷ ያቺው ወረቀት ናት፣ የተገለበጠችው የምትፈረምበት ምክንያት ብቻ ነው። ውጤቱ፣ 8ኛ ክፍል አልጀብራ የሚወስደው ልጅ ከ20 በመቶ አካባቢ ተነስቶ ጥቂት አመት ውስጥ ወደ 60 በመቶ አካባቢ ደረሰ፣ ከሁሉም በላይ የጨመሩት ጥቁርና ላቲኖ ልጆች ናቸው። ልጆቹ በአንድ ሌሊት ጎበዝ አልሆኑም እኮ፣ ድሮም ጎበዝ ነበሩ። በ2023 ደሞ ቴክሳስ በሙሉ ሕግ አደረገችው፣ 5ኛ ክፍል በስቴቱ ፈተና ላይኛው 40 በመቶ ውስጥ የገባ ተማሪ 6ኛ ክፍል ላይ በቀጥታ ከፍ ያለው ሂሳብ ይገባል። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ደሞ ፌደራል ዌይ የሚባለውን ዲስትሪክት ታውቁታላችሁ፣ እነሱ ከ2010 አካባቢ ጀምሮ ነው ይሄንን ያደረጉት፣ በ2019 ዋሽንግተን ስቴት ለሁሉም ዲስትሪክት ግዴታ አደረገው። ሰሜን ካሮላይናም ከ2018 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት።

በተቃራኒው ሳንፍራንሲስኮ ደሞ በ2014 እኩልነት ለማምጣት ብለው ከ8ኛ ክፍል አልጀብራን ጭራሽ አነሱት፣ ማንም 9ኛ ሳይደርስ አልጀብራ አይወስድም አሉ። ሀሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ግን ሀብታሙ ምን አደረገ፣ ልጁን በግሉ ከፍሎ ክረምት አስተማረ፣ ኦንላይን አስወሰደ፣ የድሃው ልጅ ቀረ። በ2024 ራሳቸው የከተማዋ ነዋሪዎች ድምፅ ሰጥተው መልሱልን አሉ፣ ዲስትሪክቱም መመለስ ጀመረ። መሰላሉን ለሁሉም ማሳጠር ያው ሌላ መሰላል ቤቱ ያለውን ሰው መጥቀም ነው።

አንዳንድ ሰው ይሄንን ስነግረው ልጆቹን ከአቅማቸው በላይ ማስጨነቅ ነው ይለኛል። አስቤበታለሁ። ዝም ብሎ ጨምሮ መተው በእርግጥ ልጅን መጉዳት ነው፣ ከትምህርት በኋላ የሚያግዝ ሰው፣ ቱተሪንግ፣ ሂሳብ የሚያውቅ አስተማሪ ከሌለ ልጁ ሲ ይዞ ይወጣና ሂሳብን እድሜውን ሙሉ ይጠላል። ደሞ እውነቱን ለመናገር የሂሳብ አስተማሪ እጥረት አለ፣ ደሃ ሰፈሮች ላይ ደሞ ይብሳል። ግን ያ ክርክር የሚነሳው ሁልጊዜ ያልጠየቁት ወላጆች ልጆች ላይ ሲሆን ነው። የሚጠይቁት ወላጆች ልጆች ላይ ጭንቀቱን ማንም አያነሳውም።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ስሙኝ፣ ሁለት አይነት ዲፕሎማ አለ። ስታንዳርድ 22 ክሬዲት፣ አድቫንስድ ስተዲስ 26 ክሬዲት። ሁለቱም ካባና ቆብ አለው፣ ሁለቱም መድረክ ላይ ስም ይጠራል፣ እልል ይባላል፣ ዶሮ ወጥ ይሰራል፣ ማንም ልዩነቱን አያይም። ልዩነቱ ግን አድቫንስዱ አራት ሂሳብ፣ አራት ሳይንስ፣ የውጭ ቋንቋ ሶስት አመት ይጠይቃል፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሊያዩ የሚፈልጉት ያንን ነው። ስታንዳርዱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ መግባት አይቻልም አላልኩም፣ ግን ልጁ በየትኛው መንገድ ላይ እንዳለ ሳያውቅ 11ኛ ክፍል የደረሰ ወላጅ በጣም ብዙ ነው። ሜሪላንድ ደሞ ብሉፕሪንት የሚሉት ትልቅ ሕግ አለ፣ በ2021 ነው የወጣው፣ ገዢው ውድቅ አድርገውት ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ነው ያስኬደው። በዛ ሕግ መሰረት ልጁ 10ኛ ክፍል ሲጨርስ ለኮሌጅ ዝግጁ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ይለካል፣ ከ2024 ጀምሮ በፈተና ብቻ ሳይሆን ጂፒኤውም (አማካይ ውጤቱ) ይታያል፣ 3.0 እና የአልጀብራ ውጤቱ ማለት ነው። ካለፈ ሃይስኩል እያለ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ኮርስ መውሰድ ይችላል፣ ለትምህርቱም አይከፍልም። ካላለፈ ደሞ ዲስትሪክቱ የማገዝ ግዴታ አለበት። ያ "የማገዝ ግዴታ" የሚለውን ያዙልኝ፣ ልጃችሁ አላለፈም የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ የሚቀጥለው ጥያቄ እቅዱ የታለ ነው፣ ልጁን መቆጣት አይደለም።

ሃይስኩል እያሉ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድን፣ ዱዋል ኢንሮልመንት የሚሉትን፣ ስላነሳሁ፣ እኔ ለሀበሻ ልጅ ከሱ የተሻለ ነገር አላየሁም። ኤፒ፣ ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጠው የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ፣ የሚወሰነው በአንድ ፈተና ነው፣ አመት ሙሉ ተምረህ ሜይ ላይ 3 እና ከዛ በላይ ካላመጣህ የኮሌጅ ክሬዲት የለም፣ ፈተናው ወደ መቶ ዶላር ያስወጣል (አንዳንዱ ዲስትሪክት ይከፍልለታል፣ አንዳንዱ አይከፍልም፣ ጠይቁ)። ዱዋሉ ግን ኮርሱን ካለፍክ ክሬዲቱ ያንተ ነው። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ከሞንጎመሪ ኮሌጅ ጋር ኧርሊ ኮሌጅ የሚባል ፕሮግራም አለው፣ ልጁ የሃይስኩል ዲፕሎማና የአሶሺየት (የሁለት አመት) ዲግሪ አንድ ላይ ይዞ ይወጣል። ቨርጂኒያ በኩል ደሞ ኖቫ የሚባለው ኮሚኒቲ ኮሌጅ አለ፣ ከ2018 ጀምሮ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚል ፕሮግራም አላቸው፣ ኖቫ ስትጀምር ወደ ሜሰን የምትሻገርበት መንገድ ከመጀመሪያው ተቀምጦልህ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ ሀበሻ አለ፣ "ለሰው ምን እላለሁ" ይላል፣ ለሰው የምትለው ልጄ ያለ እዳ ተመረቀ ነው።

አሁን ደሞ ወደ አዲስ መጪዎቹ። የእህቴ ልጅ ከነቤተሰቡ በዲቪ ሲመጣ 16 አመቱ ነበር፣ አዲስ አበባ 10ኛን ጨርሶ 11ኛ ጀምሮ ነበር። ሻንጣው ውስጥ በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ትራንስክሪፕት የለም። እዚህ ሊመዘገብ ሲሄድ ማስረጃ ስለሌለው 9ኛ ክፍል አስገቡት፣ የተማረውን ፊዚክስና ኬሚስትሪ በሙሉ እንዳልተማረ ቆጥረው፣ ከ14 አመት ልጆች ጋር። አገር ቤት ያለች የአክስታችን ልጅ መዝገብ ቤት ተመላልሳ፣ አንዴ ኃላፊው የሉም አንዴ ማህተሙ ተቆልፎበታል እየተባለች፣ በመጨረሻ የ9ኛና የ10ኛ ውጤቱን ማህተም አስመትታ፣ ርዕሰ መምህሩ ፈርመውበት በሰው እጅ ላከችው። ክሬዲቶቹ ሲቆጠሩለት ወዲያው ወደ 11ኛ ተዛወረ። አገር ቤት ሃይስኩል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወረቀቱም እንግሊዝኛ ነው፣ ማስተርጎም እንኳ አላስፈለገም። ስለዚህ ሰው ሊመጣላችሁ ከሆነ ከበርበሬው በፊት ትራንስክሪፕት በሉት፣ ሁለት ኮፒ፣ የክትባት ካርዱንም ጭምር።

ኢሶል ደሞ ሌላ ጉድ ነው። እንግሊዝኛ የሚያግዘው ክፍል ማለቴ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ኢኤልኤል ይሉታል። ክፍሉ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ ብዙ ልጅ አውጥቷል፣ ላንግሊ ፓርክ ያለው ኢንተርናሽናል ሃይስኩልና አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ውስጥ ያለው ኢንተርናሽናል አካዳሚ ደሞ ለነዚህ ልጆች ተብለው የተሰሩ ናቸው። ችግሩ ኢሶሉ የቀኑን ሁለት ፔሬድ ሲወስድ ኬሚስትሪው፣ ቋንቋው፣ ኤፒው የሚገባበት ቦታ ማጣቱ ነው። የሂሳብ ችሎታ ከእንግሊዝኛ ጋር ምን አገናኘው? ኳድራቲክ ኢኩዌሽን በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ቢጽፈው ያው ነው። ሕጉም ከልጁ ጎን ነው፣ በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳንፍራንሲስኮ ያሉ ቻይናውያን ተማሪዎች ባነሱት ክስ፣ ላው እና ኒኮልስ በሚባለው፣ ቋንቋ ያልቻለን ልጅ ዝም ብሎ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ማስተማር አይደለም ብሎ ወስኗል። ከፍ ያሉ ኮርሶችን በእንግሊዝኛ ደረጃው ብቻ መከልከል አይችሉም። በየአመቱ በብርዱ ወራት ዊዳ የሚባል የእንግሊዝኛ ፈተና ይፈተናል፣ ከኢሶል የሚወጣው በዛ ነው፣ ልጃችሁ ፈተናው መቼ እንደሆነና ስንት እንዳመጣ እወቁ። አንዳንዱ ልጅ እዚሁ ተወልዶ፣ ከኔ ከናንተ የተሻለ እንግሊዝኛ እየተናገረ፣ ያንን ፈተና በቁም ነገር ስላልወሰደው ብቻ ሚድልስኩል ድረስ ኢሶል ውስጥ ይቆያል።

አስተርጓሚ መብታችሁ ነው፣ ነፃ ነው። ሞንጎመሪም አሌክሳንድሪያም መረጃቸውን በአማርኛ ያወጣሉ፣ በስልክም አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። "ሶስት አሳይንመንት አላስገባም፣ ትኩረት ይጎድለዋል" የተባለውን "በጣም ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ያወራል ብቻ" ብሎ የተረጎመ ልጅ አውቃለሁ፣ እናቱ እየሳቀች አመስግና ወጣች።

የምሳ ፎርሟንም ሙሏት። የነፃና የቅናሽ ምሳ ማመልከቻ ማለቴ ነው። ሀበሻ ኩሩ ነው፣ "የኔ ልጅ ምን አጥቶ" ይላል፣ ምሳውንም ልጁ ላይበላው ይችላል። ግን የምሳ ነገር ብቻ አይደለም እኮ፣ እሷ ፎርም ላይ ብቁ ከሆናችሁ ኤስኤቲ በነፃ ይፈተናል፣ የኤፒ ፈተና ይቀንስለታል፣ ብዙ ኮሌጆች ማመልከቻውን ያለ ክፍያ ይቀበሉታል። አንድ ማመልከቻ 50፣ 70፣ 80 ዶላር ነው፣ ልጁ ስምንት ቦታ ቢያመለክት አስሉት። ኡበር የሚነዳ አባት ቅዳሜና እሁድ የሰራውን ይሄ ክፍያ እንደሚበላበት ነው የማውቀው።

ፋፍሳን፣ የመንግስት የኮሌጅ እርዳታ የሚጠየቅበትን ፎርም፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ብዙ ሰው እየፈራ ነው የሚያልፈው። በመደበኛው ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ ወላጅም የራሱን አካውንት ይከፍታል፣ ታክሱ በራሱ ይመጣል። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነቱ የተፈቀደለት ተማሪ ይሞላል፣ የወላጅ ወረቀት ሁኔታ ዜጋ የሆነውን ልጅ አይከለክለውም፣ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። በ2024 ያ አዲሱ ፎርም ሲወጣ ሶሻል የሌላቸው ወላጆች ለወራት አልከፈትላቸው ብሎ ስንቱን ልጅ እንዳስለቀሰ አይረሳኝም፣ ብዙው ነገር ተስተካክሏል። ፔል ግራንት ለ2025-26 እስከ 7,395 ዶላር ነው፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው፣ ሙሉውን ላገኘ ልጅ ለኮሚኒቲ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ በአብዛኛው ይበቃል። እዚህም ላይ ያቺው የመገልበጥ ነገር አለች፣ ሉዊዚያና ከ2018 ተመራቂዎች ጀምሮ ፋፍሳ ሳይሞላ መመረቅ የለም፣ ካልፈለጋችሁ ፈርማችሁ ውጡ አለች፣ የሚሞላው ተማሪ ቁጥር ከአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ቴክሳስም ተከተለች። ሉዊዚያና በ2024 ሕጉን አንስታዋለች፣ ለምን እንዳነሱት ሲያስረዱ የቤተሰብ ግላዊ መረጃ ነው አሉ፣ እኔን አላሳመኑኝም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምርና። አማርኛ ይቆጠራል! ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ የሚባል ማህተም ዲፕሎማው ላይ ያደርጋሉ፣ እንግሊዝኛና ሌላ አንድ ቋንቋ ለሚችል ልጅ፣ የአማርኛ ፈተናም አለ። የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ደሞ የቋንቋ ክሬዲት ፈተናው ውስጥ አማርኛን አስገብቶታል፣ ለዛ ለአድቫንስዱ ዲፕሎማ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ይሆናል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ልጆቻችን ይሰማሉ፣ "እሺ" "ነይ" "ብላ" ይላሉ፣ ፈተናው ግን ማንበብና መጻፍ ይፈልጋል። ቅዳሜ ቤተክርስቲያን ሀሁ የሚያስተምሩትን እነዛን ትዕግስተኛ ሰዎች እቅፍ አድርጋችሁ ሳሙልኝ፣ የሃይስኩል ክሬዲት እየሰጡ እንደሆነ አያውቁም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወላጅ ጠይቅ፣ ወላጅ ሙላ፣ ወላጅ ኢሜይል ጻፍ ነው፣ ይሄ ራሱ ያናድደኛል። ወላጅ ሁለት ስራ እየሰራ የዲስትሪክቱን ስራ ሶስተኛ ስራ አድርጎ መያዝ የለበትም። ስለዚህ ከልጃችን ካውንስለር አለፍ ብለን ቦርዱንም መጠየቅ አለብን። ስኩል ቦርድ በአብዛኛው በምርጫ የሚገባ ሰው ነው፣ ድምፃችሁን ይፈልጋል። በብርዱ ወራት በጀት ሲያወጡ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ አለ፣ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ሁለት ሶስት ደቂቃ ይናገራል፣ በአማርኛ ልናገር ብትሉ አስተርጓሚ ጠይቁ። እኔ ሄጄ አይቻለሁ፣ የሌላው ኮሚኒቲ ሰው ተሰልፎ ስለ ዋና ገንዳና ስለ አውቶቡስ መስመር ሲናገር ያመሻል፣ የኛ ሰው ግን በቁጥር ይሄን ያህል ሆኖ አዳራሹ ውስጥ የለም።

ሁለት ደቂቃው ለብዙ ነገር አይበቃም፣ ለአንድ ጥያቄ ግን ይበቃል። አምና የስቴቱን የሂሳብ ፈተና በከፍተኛ ደረጃ ካለፉት የ5ኛ ክፍል ልጆች ውስጥ ስንቱ 6ኛ ክፍል ከፍ ያለው ሂሳብ ላይ ተመደበ? ስንቱ ቀረ? የቀሩት ልጆች በየትኛው ትምህርት ቤት ናቸው፣ ቤታቸው በምን ቋንቋ ነው የሚወራው? ዳታው ሁሉ ኮምፒውተራቸው ውስጥ አለ፣ በኢሜይል እንልክልሻለን ካሉ ደሞ እስከ መቼ ብላችሁ ቀኑን እዛው አስጽፉ።